የሚያዘገየው ማን ነው? ለበረራ ሲሙሌተር ኮምፒዩተር ማሻሻል

ቦይንግ 787 ከቦሌ ተነስቶ ሱዳንንና ሰሐራን አቋርጧል፤ የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግሮ ለንደን ላይ ደርሷል። እስካሁን ምስሉ አንዴም አልተቆራረጠም። ከደመናው ሥር የቴምዝ ወንዝ ይታያል፤ ከወንዙ ግራና ቀኝ ሕንፃው እልፍ ነው፤ ከሁሉም ፊት የሂትሮው ማኮብኮቢያ ተዘርግቷል። ችግሩ የጀመረው እዚህ ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ግራ ሲያዘነብል አውሮፕላኑ ዘግይቶ ይታዘዛል፤ ሊያስተካክል ሲሞክር ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ማኮብኮቢያው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዘላል። በመጨረሻ ጎማዎቹ ያረፉት ከአስፋልቱ ውጭ ሣሩ ላይ ነው።

የተጎዳ ሰው የለም። ኮክፒቱ መኝታ ቤት ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ ነው፤ መንገደኞቹም የሉም። በረራው የተካሄደው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ሲሆን፣ ያበረረው ኮምፒዩተር ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድና 16 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ የተገጣጠመ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መካከለኛ አቅም አለው ይባል የነበረ፣ ዛሬም በብዙ ቤት የሚገኝ ዓይነት ስለሆነ ይህ ዘገባ እርሱን በምሳሌነት ይዞ ይዘልቃል።

እንዲህ ያለ ማረፊያ ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ግራፊክስ ካርድ መለወጥ ነው። በሌሎች ጌሞች ይህ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። የበረራ ሲሙሌተር ላይ ግን ውድ ካርድ ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ሂትሮው ላይ ያንኑ መቆራረጥ መልሶ ማየት የተለመደ ነው። ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ለማወቅ ቀድሞ መታወቅ ያለበት ከኮምፒዩተሩ ክፍሎች የትኛው የትኛውን እያስጠበቀ እንደሆነ ነው።

ድሮም ማሽን ፈታኝ

ይህ ፕሮግራም ኮምፒዩተርን ማስጨነቅ የጀመረው ገና ሲወለድ ነው። ብሩስ አርትዊክ የተባለው አሜሪካዊ ኢንጂነር የመጀመሪያውን የበረራ ሲሙሌተሩን ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ካዘጋጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ማይክሮሶፍት የእርሱን ሥራ ለአይቢኤም ፒሲ ይዞ ወጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ኩባንያዎች ከአይቢኤም ጋር የሚጣጣም ኮምፒዩተር ሠራን ይሉ ነበር፤ እውነት መጣጣሙ ከሚፈተሽባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው ሲሙሌተር ነበር። እርሱን ያስኬደ ማሽን ሌላውን አያቅተውም ተብሎ ይታመን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተፈጠረ። ፕሮግራሙ የተነደፈው የፕሮሰሰር ፍጥነት ከዓመት ዓመት እየጨመረ እንደሚሄድ በታሰበበት ጊዜ ነው። የቺፕ አምራቾች ግን በዚያው ሰሞን መንገድ ቀየሩ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን የአንዱን ክፍል፣ የአንዱን ኮር፣ ፍጥነት ከማሳደግ ይልቅ ኮሮችን ማብዛት ያዙ። አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር ላይ የሚጭነው ሲሙሌተር ብዙ ኮር ባለው አዲስ ማሽንም ላይ እያነከሰ ለዓመታት ቆየ። ከዚህም ሌላ በ32 ቢት የተጻፈ በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም አይችልም ነበር። ረጅም በረራ ጨርሶ ትልቅ ከተማ ላይ ሊያርፍ ሲል ሜሞሪ አልቆበት የተዘጋበት አብራሪ ብዙ ነው።

የዛሬው ሲሙሌተር ከዚያ ዘመን በእጅጉ ይለያል። ቦርዶ የሚገኘው የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ የሠራውና በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት መላዋን ምድር ከቢንግ ካርታና ከሳተላይት ፎቶ እየቀዳ ያሳያል፤ ከማይክሮሶፍት ሰርቨሮች የሚያመጣው መረጃ ከ2 ፔታባይት በላይ ነው። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ቀጣዩ ስሪት ተከተለ። ሥራውን በብዙ ኮሮች ላይ ለማከፋፈል ብዙ ተደክሞበታል። ያም ሆኖ ከ2006ቱ የወረሰው አንድ ጠባይ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም።

የተራ አስከባሪው ሥራ

ስክሪን ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ በየተራ የሚለወጡ ምስሎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማሳየት ኮምፒዩተሩ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ 60 ከተፈለገ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፕሮሰሰሩ የነፋሱን ግፊት በክንፉ ላይ ያሰላል፤ የሞተሩን፣ የነዳጁንና የአውቶፓይለቱን ሁኔታ ያድሳል፤ የሌሎቹን አውሮፕላኖች ቦታ ያንቀሳቅሳል፤ የትኛው ሕንፃና ዛፍ መታየት እንዳለበት ይወስናል። ከዚያ በኋላ ነው ግራፊክስ ካርዱን «ይህን ሣል» የሚለው።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። የአውሮፕላኑ ቦታ ሳይታወቅ ምን እንደሚታይ መወሰን አይቻልም። በዚህ ምክንያት ዋናው የሥራ ሰንሰለት፣ ሜይን ትሬድ የሚባለው፣ በአንድ ኮር ላይ ይሄዳል። ነገሩ የታክሲ ተራ ላይ እንደሚታየው ነው፤ ሃያ ሚኒባስ ተሰልፎ ቢቆም ተራ አስከባሪው ካልለቀቀው አይነቃነቅም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1967 በቀመር አስቀምጦታል፤ የግድ በተራ የሚሠራው የሥራው ክፍል፣ ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስነዋል።

ሰሐራ ላይ ሕንፃ የለም፤ አውሮፕላንም ብዙ አይታይም። ዋናው ሰንሰለት ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ለካርዱ ያስረክባል። ሂትሮው ላይ ግን የአየር ማረፊያው ሕንፃዎች፣ የቆሙትና የሚንቀሳቀሱት አውሮፕላኖች፣ የከተማው ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። በ787 ኮክፒት ውስጥ ያሉት ዲጂታል ስክሪኖችም በየቅጽበቱ መታደስ አለባቸው። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ሳይገዙ መመርመር

መመርመሪያው ሲሙሌተሩ ውስጥ አለ። ከአማራጮቹ ዴቨሎፐር ሞድ የሚለውን ማብራትና ከላይ በሚመጣው ሜኑ የፍሬም ቆጣሪውን መክፈት በቂ ነው። ቆጣሪው የፍሬሙን ብዛት ካሳየ በኋላ ማን እንዳዘገየው ለይቶ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ወይ ሜይን ትሬድ ይላል፣ ወይ ጂፒዩ ይላል። ጂፒዩ የግራፊክስ ካርዱ ልብ ነው።

በሌላ ፕሮግራም የሚያበርሩ ሰዎችም ቀላል ፈተና አላቸው። አውሮፕላኑን ምስሉ በጣም በሚቆራረጥበት ቦታ አቁሞ የምስሉን ጥራት፣ ማለትም ሪዞሉሽኑን፣ በግማሽ መቀነስ ነው። ባለ 1080 ስክሪን ላይ ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሥላል፤ 1440 ላይ 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ላይ 8.3 ሚሊዮን ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ግን ስክሪኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ ያው ሥራ ነው ያለው። ሪዞሉሽኑ ወርዶ ፍሬሙ ከጨመረ ጥፋቱ የካርዱ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ የፕሮሰሰሩ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው 35 በመቶ ብቻ እንደሆነ ያሳያል፤ ባለቤቱም «ፕሮሰሰሬ ገና አልደከመም» ብሎ ይደመድማል። ራይዘን 5 2600 ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት የሥራ መስመር አለው። አንዱ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ሰንሰለት እየተቃጠለ አጠቃላይ ቁጥሩ ሰላም ሊመስል ይችላል።

በምሳሌነት የያዝነው ማሽን ሂትሮው ላይ ቆጣሪው ሲከፈትለት የሚጽፈው «ሜይን ትሬድ» ነው። ወደ ገጠር ወጥቶ ወፍራም ደመና ውስጥ ሲገባ ግን ጽሑፉ ተለውጦ «ጂፒዩ» ይላል፤ ደመና ሥዕል ስለሆነ የካርዱ ሸክም ነው። አንድ ማሽን በሁለት ቦታ ሁለት ሕመም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው ሰውየው አዘውትሮ በሚያርፍበት አየር ማረፊያ ላይ ነው።

በነፃ የሚገኘው

ከመግዛት በፊት በነፃ የሚገኝ አቅም አለ። የመጀመሪያው ራም ነው። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ2133 ወይም በ2400 ነው። ወደተገዛበት ፍጥነት የሚደርሰው ባዮስ በተባለው የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ተገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር ሲበራ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት የሚጠቀሙ አሉ። እንዲሁም አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ብቻውን ከሚሰካ ሁለት ባለ 8 በትክክለኛው ቀዳዳ ቢሰኩ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ይፈጥናል።

ሁለተኛው የሲሙሌተሩ ቅንብር ነው። የመሬቱን ዝርዝር የሚወስነው ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል፣ ትራፊኩ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው የሌሎች አውሮፕላኖች ብዛት፣ እና የኮክፒት ስክሪኖች የመታደሻ ፍጥነት ፕሮሰሰሩን ይጫናሉ። ደመና፣ ጥላና ሪዞሉሽን ደግሞ ካርዱን ይጫናሉ። ፕሮሰሰሩ የተጨናነቀበት ሰው ደመናውን ቢቀንስ ያጣው ውበት ብቻ ነው፤ የመሬቱን ዝርዝርና ትራፊኩን ቢቀንስ ግን ወዲያው ለውጥ ያያል።

ፍሬሙን 30 ላይ ማሰርም ይረዳል። የመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጦር ጄት አይገለባበጥም፤ በእኩል ልዩነት የሚመጡ 30 ፍሬሞች አንዴ 55 አንዴ 22 ከሚል ዝብርቅርቅ ይልቅ ለዓይን ይመቻሉ። በመነጽር የሚታየው ቪአር ብቻ ነው ይህን የማይቀበለው፤ መነጽሮቹ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 72 ወይም 90 ጊዜ የሚታደሱ ሲሆኑ ለሁለቱም ዓይን ለየብቻ መሣል ግድ ነው።

ሲገዛ ምን ይገዛ?

ነፃው መንገድ ካልበቃና ቆጣሪው ሜይን ትሬድ ማለቱን ካላቆመ፣ ቀዳሚው ግዢ ፕሮሰሰር ነው። እዚህ ላይ ከኮር ብዛት የሚበልጥ ሚስጥር አለ፤ ካሽ። ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ ናት። ሲሙሌተሩ በየፍሬሙ ብዙ የተበታተነ መረጃ ስለሚያነሳ ካሽ ውስጥ ያልተገኘውን ከራም እስኪያመጣ ይጠብቃል። የራይዘን አምራች ኤኤምዲ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ካሹን በቺፑ ላይ ደርቦ ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አሳደገው። የሰዓት ፍጥነቱ ከወንድሙ ከ5800ኤክስ ያነሰ ቢሆንም የበረራ ሲሙሌተር ላይ በሰፊው በለጠው። በ2023 የወጣው 7800ኤክስ3ዲና በ2024 የተከተለው 9800ኤክስ3ዲም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው።

ለምሳሌው ማሽን ይህ የምሥራች ነው። ቢ450 ማዘርቦርድ ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ስላለው ባዮሱ ከታደሰ 5800ኤክስ3ዲን ይቀበላል፤ በጥር 2024 በ249 ዶላር የወጣውን ታናሹን 5700ኤክስ3ዲንም ይቀበላል። ማዘርቦርዱም ራሙም አይለወጡም። ወደ 7800 ወይም 9800 መሄድ የሚፈልግ ሰው ግን አዲስ ኤኤም5 ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም አብሮ መግዛት አለበት፤ ወጪውም ይባዛል። በኢንቴል ወገን አንድ ሶኬት ብዙ ትውልድ ስለማይዘልቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኢንቴል የሚገዛ ሰው ደግሞ በ2024 የታወቀውን የቮልቴጅ ችግር ማስታወስ ይገባዋል። ኩባንያው ማስተካከያውን በባዮስ ዝማኔ አውጥቷል፤ ዝማኔው ሳይገባለት ለረጅም ጊዜ የሠራ ቺፕ ግን ጉዳቱ አይመለስም።

ቆጣሪው ጂፒዩ ካለ ተራው የካርዱ ነው። እዚህ ላይ ከስሙ በፊት የሚታየው ቪራም፣ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። የ2024ቱ ሲሙሌተር በዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋባይት ቪራም ይጠይቃል፤ ለመደበኛው 8፣ ለከፍተኛው 12። ቪራም ሲሞላ ትርፉ ወደ ራም ይፈስሳል፤ ምስሉም በየጥቂት ሰከንዱ ይደነቅፋል። በ2021 በ329 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት አለው፤ በ2023 በ299 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 4060 8 ጊጋባይት ብቻ ነው ያለው። አዲሱ ካርድ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ በፍሬም አፍላቂነቱም በሁለት ፍሬሞች መካከል ሦስተኛ ፈጥሮ ያስገባል። ይህ ዘዴ ፕሮሰሰሩ ሲዘገይም ምስሉን ያለሰልሰዋል፤ መሪው ላይ ያለውን መዘግየት ግን አያስቀርም።

ራምን በተመለከተ የ2024ቱ ስሪት መደበኛ መስፈርት 32 ጊጋባይት ነው። 16 ያለው ሰው ተጨማሪ ቢገዛ ፍሬሙ ብዙም አይጨምርም፤ በረጅም በረራ መጨረሻ ላይ የሚመጣው መደነቃቀፍ ግን ይቀልለታል። ሲሙሌተሩ እስካሁን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከተጫነ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ግዴታ ነው። ከተራ ኤስኤስዲ ወደ ውዱ መዝለል ግን የመጫኛ ጊዜውን ትንሽ ያሳጥር እንደሆነ እንጂ ፍሬም አይጨምርም።

ላፕቶፕ፣ መብራትና ኢንተርኔት

ላፕቶፕ ያለው ሰው ምርጫው አጭር ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ቦርዱ ላይ የተበየዱ በመሆናቸው የሚለወጡት ብዙ ጊዜ ራምና ዲስክ ብቻ ናቸው። ትርፍ የሚገኘው ከማቀዝቀዝ ነው፤ አቧራው ተጠርጎ፣ የደረቀው ፔስት ተቀይሮ፣ ከሥሩ አየር ሲገባለት በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን መቀነሱን ያቆማል።

በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ፓወር ሰፕላይ ይረሳል። ጂቲኤክስ 1060 120 ዋት ሲወስድ አርቲኤክስ 3060 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈውን ዋት ማመን አደጋ ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ከማንኛውም ማሻሻያ ይቀድማል፤ በባዮስ ዝማኔ መሐል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል።

ኢንተርኔትም እንደ አንድ የሃርድዌር ክፍል መቆጠር ጀምሯል። የ2024ቱ ስሪት ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ከ150 ወደ 50 ጊጋባይት የወረደው አብዛኛውን ነገር እየበረረ ስለሚያወርድ ነው። ዝቅተኛው መስፈርት በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ መደበኛው 50 ነው። በወጣበት ዕለት የማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ራሳቸው ተጨናንቀው ብዙ ሰው መግባት አቅቶት ነበር። በጥቅል ዳታ የሚጠቀም ሰው ስለዚህ ሌላም ምርጫ ሊያይ ይገባል። ኤክስ-ፕሌን 12 መልክዓ ምድሩን ዲስክ ላይ ይጭናል፤ ያለ ኢንተርኔት ያበርራል። ፍላይትጊር ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ በነፃ የሚገኝና በድሮ ማሽንም የሚሄድ ነው።

ሒሳቡ

ኢትዮጵያ ውስጥ የእያንዳንዱ ስህተት ዋጋ ከፍ ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 249 ዶላር የወጣበት ፕሮሰሰር በቀድሞው ምንዛሪ 14 ሺህ ብር ገደማ ሲሆን በ100 ብር ቢሰላ እንኳ ወደ 25 ሺህ ይጠጋል፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር። በዚህ ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓለም የራም ዋጋ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት ፍላጎት ምክንያት አሻቅቧል።

ስለዚህ ለምሳሌው ማሽን የሚሰጠው ፍርድ ይህ ነው። መጀመሪያ ኤክስኤምፒውን ማብራት፣ ትራፊኩንና የመሬቱን ዝርዝር መቀነስ፣ ፍሬሙን 30 ላይ ማሰር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀጥሎ በቁልፍ ሰሌዳ የሚያበርር ከሆነ ጆይስቲክ መግዛት፤ ማረፊያን ከየትኛውም ካርድ በላይ የሚያሻሽለው በእጅ የሚሰማ መሪ ነው። ሦስተኛ በኤኤም4 ሶኬት የሚገባ ካሹ ትልቅ ፕሮሰሰር። አራተኛ ራሙን 32 ማድረስ። ግራፊክስ ካርዱ አምስተኛ ነው፤ ባለ 1080 ስክሪን እስካልተለወጠ ድረስም ሊቆይ ይችላል። ባለ 4ኬ ስክሪን ወይም ቪአር የገዛ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ የእርሱ ካርድ ፕሮሰሰሩን ይቀድማል።

ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ የሚያስመጣ አንባቢ ከማዘዙ በፊት አራት ነገር ጽፎ ይላክ፦ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስምና የባዮሱን ቁጥር፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት፣ ኬዙ ውስጥ ለካርድ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ የራሙን ዓይነት ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5። የማይገጥም ዕቃ በሻንጣ ከመጣ በኋላ መልሶ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው።